በስልክ የባንክ አካውንት ልትከፍቱ ነው? አፑን ከማውረዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

የአክስቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ መጥታ ሥራ ተቀጠረች፣ መሥሪያ ቤቱ ደሞ ደሞዝሽ የሚገባበት አካውንት ቁጥር እስከ አርብ አምጪ አላት። የነገሩን ባንክ በስልክ አካውንት ይከፍታል፣ ቅርንጫፍ መሄድ አያስፈልግም ሲባል ሰምተናል፣ ስለዚህ ማታ እራት በልተን ቁጭ አልን፣ አፑን አወረድን፣ የፋይዳ (የዲጂታል ብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥሯን አስገባን፣ "የማረጋገጫ ኮድ ወደ ስልክዎ ተልኳል" አለ፣ ስልኳን አየን ምንም የለም። ጠበቅን፣ ድጋሚ ላክ አልነው፣ አሁንም የለም። ኔትወርክ ነው ብለን ስልኩን አጥፍተን አበራን። በኋላ ነው ትዝ ያላት፣ ፋይዳ ስትመዘገብ የራሷ ሲም ስላልነበራት የታላቅ ወንድሟን ቁጥር ነው ያስመዘገበችው። ወንድሟ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ስንደውልለት ሚሌን አልፎ እየነዳ ነበር። "ወንድምዬ ኮድ መጥቶልሃል ወይ?" "የምን ኮድ?" "ስድስት ቁጥር ነው፣ መልእክት ውስጥ እየው እስኪ" "ቆይ ላቁም" እያለ ዳር ይዞ አቁሞ እስኪያነብልን የኮዱ ጊዜ አለፈ። እንደዛ ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ከዛ አፑ ነገ ሞክሩ ብሎ ዘጋብን።

ይሄን የማወራው እሷ ላይ የደረሰው ብዙ ሰው ላይ ስለሚደርስ ነው። ሰፈር ውስጥ ስልክ ነካ ነካ ማድረግ ስለምችል ብዙ ሰው አግዣለሁ፣ እናቶችን፣ የኮሌጅ ተማሪዎችን፣ ቤት ሠራተኞችን፣ እና ሁሌም የሚቸግረው አፑ ላይ ያለው ነገር አይደለም። አፑ ላይ ያለው ሁሉ ነገር ከተሟላ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የሚቸግረው ከአፑ በፊት ያለው ነው፣ ማለትም ፋይዳችሁ፣ ስማችሁ፣ የልደት ቀናችሁ እና ሲም ካርዳችሁ እርስ በርስ መስማማታቸው። እነሱ ከተስማሙ ማሽኑ ያሳልፋችኋል፣ ካልተስማሙ ምንም ብትለምኑት አይሰማም፣ ቅርንጫፍ ላይ እንዳለችው ልጅ "ችግር የለውም እናስተካክለዋለን" አይላችሁም።

እንግዲህ ከፋይዳው እንጀምር። በዲጂታል መታወቂያ አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ማለት ነው፣ ፋይዳ ሕጋዊ መታወቂያ ሆኗል፣ ከዛ ብሔራዊ ባንክ አዲስ አካውንት ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ነው ብሎ ከታህሳስ 23 2017 ዓ.ም ጀምሮ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ተግባራዊ አደረገው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 2025 ላይ ነው። ስለዚህ "የቀበሌ መታወቂያዬን ፎቶ አንስቼ ልላክ" የሚባለው ነገር በስልክ አካውንት ስትከፍቱ አብዛኛው ቦታ አይሠራም፣ ፋይዳ የሌለው ሰው መጀመሪያ ሄዶ መመዝገብ ነው ያለበት። ምዝገባው ነፃ ነው። የሚከፈለው ካርዱን አሳትሙልኝ ካላችሁ ለሕትመቱ ነው፣ አካውንት ለመክፈት ደሞ የታተመ ካርድ አያስፈልጋችሁም ቁጥሩ ይበቃል። ስለዚህ "ፋይዳ ላስመዝግባችሁ ይሄን ያህል ብር አምጡ" የሚል ሰው ካለ አትስጡት።

ቁጥሩ ላይ ሰው ይምታታል። አንዱ 12 አሃዝ ያለው ነው፣ ልዩ ቁጥር የሚባለው፣ ሌላው 16 አሃዝ ያለው ካርዱ ላይ ትልቅ ሆኖ የሚታየው ነው። አንዳንዱ ባንክ 12ቱን ይጠይቃል አንዳንዱ 16ቱን፣ ቁጥሩን የምታስገቡበት ሳጥን ስንት አሃዝ እንደሚፈልግ ይነግራችኋል፣ ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጠገባችሁ አድርጉ። ሁለቱን ቁጥሮች አምታቶ "መረጃ አልተገኘም" ሲለው ፋይዳዬ ጠፍቷል ብሎ ደንግጦ የመጣ ልጅ አውቃለሁ፣ 12 አሃዙን ነበር 16 የሚፈልግ ቦታ ላይ ሲያስገባ የዋለው።

አሁን ዋናው፣ ስልክ ቁጥር። ኮዱ የሚላከው አሁን በእጃችሁ ወዳለው ስልክ አይደለም፣ ፋይዳ ስትመዘገቡ ወደ ሰጣችሁት ቁጥር ነው። ይሄን ልብ በሉልኝ። ሰው የያኔውን ሲም ጥሎ ሌላ አውጥቷል፣ ወይ የባሏን ቁጥር ሰጥታለች፣ ወይ የመዝጋቢውን ምክር ሰምቶ ያገኘውን ቁጥር ሰጥቷል፣ ከዛ ከሁለት ዓመት በኋላ ኮዱ የማያውቀው ሰው ስልክ ላይ ይገባል። አፑን ከማውረዳችሁ በፊት የምዝገባ መልእክቱ በየትኛው ስልክ እንደመጣላችሁ አስታውሱ፣ ያ ሲም በእጃችሁ ካለ ጥሩ ነው ሌላ ስልክ ላይም ቢሆን ክታችሁ አብሩት። ከሌለ በአካል ምዝገባ ጣቢያ ሄዳችሁ ቁጥሩን ማስቀየር ነው፣ አሻራ ሰጥታችሁ ማንነታችሁ ከተረጋገጠ በኋላ ይቀይሩላችኋል። የአክስቴ ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ሄዳ ቀየረች፣ መረጃው እስኪታደስ ጠበቅን፣ ረቡዕ ማታ ድጋሚ ስንሞክር ኮዱ በገዛ ስልኳ ጥርቅ ብሎ ገባ። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ አይረሳኝም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሥራውን ላጣው ነው እያለች ተጨንቃ ነበር እኮ።

ሲሙ ራሱ በማን ስም ነው የሚለውም ይታይ። በጓደኛችሁ ስም የወጣ ሲም የምትጠቀሙ ከሆነ አካውንቱ ቢከፈትም ነገ ሲሙ ቢጠፋ መልሶ የሚያወጣው ባለስሙ ነው፣ ባንካችሁ ደሞ የተያያዘው ከሱ ጋር ነው። እኔ ሰው ሳግዝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው፣ በራሳችሁ ስም ሲም አውጡ ከዛ ወደ ባንኩ እንሄዳለን።

ስም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ባንክም ሆነ መሥሪያ ቤት ብዙ ሰው የሚያስለቅሰው እሱ ነው። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው፣ ሦስቱንም ነው ባንክ የሚፈልገው። በአማርኛ ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሀይ ብንለው ለኛ አንድ ነው፣ ለማሽን ግን ሦስት የተለያየ ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍማ የባሰ ነው፣ አንድ "ኃይለ" የሚል ስም ዲፕሎማው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ፣ ፋይዳው ላይ ደሞ መዝጋቢው እንደመሰለው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ባንኩ የሚወስደው ፋይዳው ላይ ያለውን ነው፣ አካውንታችሁም በሱ ስም ነው የሚከፈተው። ከዛ መሥሪያ ቤታችሁ በዲፕሎማው ስም ደሞዝ ሲልክ አይገጥምም ይባላል፣ ወይ ከውጭ እህታችሁ በፓስፖርቱ ስም ብር ስትልክ መቀበል ያቅታችኋል።

ስለዚህ ፋይዳችሁን አውጥታችሁ ፊደል በፊደል እዩት፣ የአያት ስም መኖሩን፣ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ሌላ ሰነዳችሁ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን። ስህተት ካለ አካውንቱ ሳይከፈት አሁኑኑ አስተካክሉ። ከተከፈተ በኋላም ይስተካከላል ግን ያኔ ሁለት ቦታ ነው የምትመላለሱት፣ ፋይዳውም ጋ ባንኩም ጋ። ያገባችሁ ሴቶች ደሞ በባላችሁ ስም የምትጠሩበት ቦታ ቢኖር እንኳ ፎርሙ ላይ የምትጽፉት ፋይዳ ላይ ያለውን የአባታችሁን ነው።

የልደት ቀን ደሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብዙው አፕ መረጃችሁን ከፋይዳ ራሱ ስቦ ስለሚያመጣ አትጽፉም፣ አንዳንዱ ግን ጻፉ ይላችኋል፣ የሚመጣውም ካላንደር የፈረንጅ ነው። ጥር 10 1990 የተወለደ ሰው 10/05/1990 ብሎ ያስገባል፣ ማሽኑ ሜይ 10 1990 ብሎ ይወስደዋል፣ ትክክለኛው ግን ጃንዋሪ 18 1998 ነው። በአንድ ጊዜ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አርጅታችሁ ቁጭ፣ ከፋይዳው ጋርም አይገጥም፣ ይመልሳችኋል። ፋይዳችሁ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር አለ፣ የፈረንጁን ከዛ ገልብጡ እንጂ በራሳችሁ አታስሉት። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ በዚህ መንገድ ለብቻው አይከፍትም፣ ወላጅ ወይ አሳዳጊ ይዞ ቅርንጫፍ መሄድ ነው።

እሺ አሁን ወደ አፑ። አፑን ከፕሌይ ስቶር ወይ ከአፕ ስቶር ብቻ አውርዱ፣ በተለይ ቴሌግራም ላይ "አዲሱ የባንኩ አፕ" ተብሎ በፋይል የሚላከውን በፍፁም አትጫኑ። ፕሌይ ስቶር ላይም ስሙ የሚመሳሰል ስለሚኖር ከታች ያለውን የሠሪውን ስም እዩ ባንኩ ራሱ መሆኑን። አንዳንዱ ባንክ አካውንት የሚከፍትበት አፕ ከመደበኛው ሞባይል ባንኪንግ የተለየ ነው፣ አቢሲንያ ለምሳሌ አፖሎ የሚል የራሱ አፕ አለው፣ ስለዚህ ግራ ከገባችሁ የባንኩን ነፃ መስመር ደውላችሁ በየትኛው ነው የምከፍተው ብላችሁ ጠይቁ፣ የንግድ ባንክ 951 ነው። ቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን በሌላ አገር በኩል የሚያዞር አፕ) ካበራችሁ አጥፉት፣ ቪፒኤን ሲበራ እምቢ የሚል አፕ አለ፣ ምክንያቱንም ስለማይነግራችሁ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ትውላላችሁ። የዋይፋይ ነገር ካላስተማመነ በሞባይል ዳታ አድርጉት። እኔ በልምድ ያየሁት ጠዋት በጣም በማለዳ ወይ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲሆን ይቀላል፣ የወር መጨረሻ ደሞዝ የሚገባበት ቀን ቀትር ላይ ግን ሲስተም የለም የሚባለው ነገር ስልክ ላይም አለ።

ከኮዱ በኋላ የሚመጣው ፊታችሁን ማንሳት ነው። ሰው ይሄን እንደ ሰልፊ አድርጎ ያስበዋል፣ አይደለም፣ ፋይዳ ስትመዘገቡ ከተነሳችሁት ፎቶ ጋር ነው የሚያመሳስለው፣ በተጨማሪም በሕይወት ያለ ሰው መሆኑን ለማወቅ ዓይን ጨፍኑ ክፈቱ፣ ወደ ቀኝ ዙሩ፣ ፈገግ በሉ ምናምን ይላል። ጎረቤታችን ያሉ አንድ እናት የጡረታ ብራቸውን ነገር ለማስተካከል አካውንት ፈልገው እኔ ጋ መጡ፣ ነጠላቸውን ግንባራቸው ድረስ አውርደው፣ ከኋላቸው መስኮቱ ክፍት ሆኖ ብርሃኑ ከጀርባ እየመጣ፣ አፑ ፊት አላየሁም ይላል። "እማማ፣ ነጠላውን ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉት" አልኳቸው፣ ወንበሩን አዙሬ ፊታቸው ወደ መስኮቱ እንዲሆን አደረኩ። "ዓይንዎን ጨፍነው ይክፈቱ" ሲል በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ እያየሁ ነው የምነግራቸው፣ ጨፈኑ፣ ግን አልከፈቱም፣ "ይበቃል በለኝ" ብለው እየጠበቁ ነበር። በአራተኛው አለፈልን። እና ምክሬ ይሄ ነው፣ ብርሃን ከፊት ለፊት ይሁን፣ ኮፍያ መነፅር አውልቁ፣ ሂጃብ ወይ ነጠላ ፊት ሙሉ እስከታየ ድረስ ችግር የለውም፣ የካሜራውን መስታወት በጨርቅ ጥረጉት፣ ስልኩን የፊታችሁ ትክክል ላይ ያዙት ከታች ወደ ላይ አይሁን፣ እና ለትልቅ ሰው የምታግዙ ከሆነ አፑ ምን ሊል እንደሆነ አስቀድማችሁ ሁለቴ አለማምዷቸው ከዛ ጀምሩ። ያለ ፈቃዳቸው ስልካቸውን ተቀብላችሁ ራሳችሁ አትጨርሱት፣ እያዩ እየሰሙ ይሁን፣ ፒናቸውንም እነሱ ራሳቸው ይምቱ እናንተ ፊታችሁን አዙሩ።

ፊት አልፎ ከሆነ ፎርሙ ይመጣል። የእናት ስም፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሥራ፣ የገቢ ምንጭ፣ አድራሻ፣ ክፍለ ከተማ ወረዳ። ሰው የገቢ ምንጭ ሲባል ግብር ሊያስከፍሉኝ ነው ብሎ ይደነግጣል፣ ባንኩ ብሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ሕግ ስለሚያስገድደው ነው የሚጠይቀው፣ እውነቱን ጻፉ። ጉሊት የምትሸጥ ሴት "ንግድ" ብላ ትጻፍ፣ ሥራ የለኝም ብላ ጽፋ በኋላ በየቀኑ ብር ሲገባላት ባንኩ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ቅርንጫፍ ምረጡ ሲላችሁ ለቤታችሁ ወይ ለሥራችሁ የሚቀርበውን ምረጡ፣ ዝም ብላችሁ ዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያውን አትንኩ፣ ካርድ ስትወስዱ የምትሄዱት እዛ ነው።

የአካውንት ዓይነት የሚለው ላይ ቆም በሉ። ቁጠባ፣ ተንቀሳቃሽ፣ ከወለድ ነፃ የሚል ይመጣል። ለደሞዝና ለራሳችሁ ገንዘብ ቁጠባ ነው የሚሆነው፣ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መሠረት ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው። ተንቀሳቃሽ ቼክ ለሚጽፉ ነጋዴዎች ነው ወለድ የለውም። ወለድ በሃይማኖታችሁ የማይፈቀድላችሁ ደሞ ከወለድ ነፃ የሚለውን ራሳችሁ አይታችሁ ምረጡ፣ አፑ ቀድሞ ቁጠባ ላይ ምልክት አድርጎ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ ሳታዩት "ቀጥል" ብላችሁ እንዳታልፉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለመክፈቻ ተብሎ ለሰው የሚከፈል ብር የለም። የመጀመሪያ ተቀማጭ የሚጠይቅ ባንክ ሊኖር ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ እሱም የሚገባው እናንተው አካውንት ውስጥ ነው ወደ ሌላ ሰው ቁጥር አይደለም።

ሲያልቅ ምን ጠብቁ? እንኳን ደስ አላችሁ የሚል ጽሑፍ አፑ ላይ ስላያችሁ አለቀ አትበሉ። አካውንት ቁጥራችሁ ያለበት መልእክት በስልካችሁ መምጣት አለበት፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 1000 ብሎ የሚጀምር 13 አሃዝ ነው፣ ሌሎቹ የየራሳቸው አሃዝ አላቸው። ያንን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዛ ትንሽ ብር፣ 50 ብርም ትሁን፣ ከቴሌብር ወይ ከሌላ ሰው ባንክ ላኩበትና የባለቤቱ ስም ሲመጣ ሦስቱም ስም ትክክል መሆኑን እዩ። እኔ ይሄን ሳላደርግ ለማንም አካውንት ቁጥር አሰጥቼ አላውቅም፣ አንድ አሃዝ የተሳሳተ ቁጥር ለመሥሪያ ቤት ከተሰጠ የወሩ ደሞዝ የት እንደገባ ፍለጋ ነው። የአክስቴ ልጅም ረቡዕ ማታ እንደዚህ ሞክረን፣ ስሟን አይተን፣ ሐሙስ ጠዋት ነው ወስዳ የሰጠችው።

አንዳንዴ ደሞ ወዲያው አይከፈትም "በመታየት ላይ ነው" ይላል። ይሄ ማለት ሰው አይቶ ያጽድቀው ተብሎ ተይዟል ማለት ነው፣ አንድ ሁለት የሥራ ቀን ጠብቁ፣ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ አይቆጠርም፣ በመሀል ድጋሚ ድጋሚ አትሙሉት ሁለት ማመልከቻ ሆኖ ይጠላለፋል። የሰጣችሁን የማመልከቻ ቁጥር ስክሪንሾት አንሱ። ሦስተኛ ቀን ላይ ዝም ካለ ደውሉ፣ ቁጥሩን ንገሯቸው፣ ለምን እንደተያዘ የመጠየቅ መብት አላችሁ። "ሲስተም ነው" ብቻ ብለው ከመለሷችሁ የቱ መረጃ እንዳልገጠመ በስሙ ይንገሯችሁ፣ ስም ነው? ፎቶ ነው? ቀን ነው? እሱን ሳታውቁ ስልኩን አትዝጉ።

ሌላው ሰው ቅር የሚለው፣ አካውንቱ ተከፍቶ ሁሉንም ነገር አለመሥራቱ ነው። በስልክ ብቻ የተከፈተ አካውንት ብዙ ባንክ ጋ በቀን የሚላከውና የሚወጣው ብር ላይ ከመደበኛው ያነሰ ገደብ አለው፣ ገደቡ የሚነሳው አንድ ቀን ፋይዳችሁን ይዛችሁ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ስትፈርሙ ነው። ኤቲኤም ካርድም በአብዛኛው ቤት አይመጣላችሁም፣ አፑ ላይ ታዛላችሁ፣ ደርሷል ሲባል ሄዳችሁ በእጃችሁ ትቀበላላችሁ፣ ለካርዱ የሚቆረጥ ክፍያ ስላለ ከማዘዛችሁ በፊት ስንት ነው በሉ። ስለዚህ ቤት መግዣ ወይ መኪና መግዣ ትልቅ ብር ሊገባላችሁ ካለ፣ ወይ ለቪዛ የባንክ ደብዳቤና ማህተም ያለው ስቴትመንት (የገባና የወጣ ብር ዝርዝር) የምትፈልጉ ከሆነ፣ በስልክ ከፍታችሁም ቢሆን ከሳምንት በፊት ቅርንጫፉን እዩት። ለደሞዝ፣ ለእቁብ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለትንሽ ንግድ ግን ስልኩ ይበቃችኋል።

ብዙ ሰው "ቴሌብር አለኝ እኮ ባንክ ምን ያደርግልኛል" ይላል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ሕይወታችንን አቅልሎታል እኔም በየቀኑ ነው የምጠቀመው፣ ግን የሞባይል ገንዘብ ነው፣ የባንክ ቁጠባ አካውንት አይደለም። በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ የተቀማጭ መድን አለው፣ ባንኩ አንድ ነገር ቢሆን በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ የሚመልስ ፈንድ ተቋቁሟል፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው የማነሳው።

አሁን የሚያሳስበኝ ነገር። አካውንት መክፈት ቀላል ሲሆን ለሌባም ቀላል ሆኗል። ሁለት ዓይነት ነገር ነው። አንደኛው ስልክ ይደወላል፣ ቁጥብ ያለ ጨዋ ድምፅ፣ "ከባንክ ነው የምንደውለው፣ አዲስ አካውንት ከፍተው ነበር፣ ለማጽደቅ አሁን የሚመጣውን ኮድ ያንብቡልኝ"። ስማችሁን ያውቃል፣ ምናልባት የትኛው ባንክ እንደከፈታችሁም ያውቃል፣ ስለዚህ ታምኑታላችሁ። ኮዱን ካነበባችሁለት የናንተን አካውንት በሱ ስልክ ላይ ከፈተው ማለት ነው፣ ብሩ በደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ቦታ ተላልፎ ይወጣል። ባንክ ኮድ አይጠይቅም። ፒን አይጠይቅም። መልእክቱ ውስጥም "ለማንም አይስጡ" ተብሎ ተጽፏል፣ ቁጥሯን ብቻ ሳይሆን መልእክቱን ሙሉውን አንብቡት ለምን እንደተላከ ይናገራል። ጥርጣሬ ከገባችሁ ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ወደ ባንኩ መስመር ደውሉ፣ እነሱ በደወሉበት ቁጥር መልሳችሁ አይደለም።

ሁለተኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ልጆች ናቸው የሚገቡበት። "በፋይዳህ አካውንት ክፈትና ስጠኝ፣ ይሄን ያህል ብር እሰጥሃለሁ" የሚል ሰው አለ፣ ሥራ ለሌለው ልጅ ያ ብር ብዙ ነው። በዛ አካውንት የተጭበረበረ ብር ሲያልፍ ፖሊስ የሚመጣው ስሙ ያለበት ሰው ቤት ነው፣ ፊታችሁ ፋይዳችሁ አሻራችሁ ሁሉ እዛ ላይ አለ፣ "እኔ ለሰው ነው የከፈትኩት" ማለት አያድንም። የፋይዳ ቁጥራችሁንና ኮዱን አንድ ላይ ለሰው መስጠት ማለት መታወቂያችሁን ከነፊርማችሁ መስጠት ማለት ነው። ታናናሾቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ይሄን ንገሯቸው፣ እባካችሁ።

ስልካችሁ ከጠፋ ወይ ከተሰረቀ ነገ እደውላለሁ አትበሉ፣ በዛው ሰዓት ከሌላ ሰው ስልክ ወደ ባንኩ ደውላችሁ ሞባይል ባንኪንጉን አዘጉ፣ ከዛ ኢትዮ ቴሌኮም ሄዳችሁ ሲሙን አዘግታችሁ በዛው ቁጥር አዲስ አውጡ። ለዚህ ነው የባንኩን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ የምለው፣ ስልኩ ውስጥ ብቻ ካለ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

በመጨረሻ ዓረብ አገር ላላችሁ እህቶቼ፣ ሪያድ፣ ጅዳ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት፣ ኩዌት። ስንቷ ናት በወንድሟ ወይ በእጮኛዋ አካውንት ለዓመታት ብር ልካ ስትመለስ ባዶ ሆኖ የጠበቃት። በስማችሁ አካውንት ይኑራችሁ። አገር ቤት ለዕረፍት ስትመጡ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዱን ለዚህ ስጡት፣ ፋይዳ ተመዝገቡ፣ በስማችሁ ሲም አውጡ፣ አካውንቱን ክፈቱ፣ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ፈርሙና ገደቡን አስነሱ፣ ካርዱን ተቀበሉ፣ የመመለሻችሁ ቀን እስኪቀርብ አትጠብቁ፣ አንድ ነገር ካልገጠመ ለማስተካከል ጊዜ ያስፈልጋችኋል። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ስምና ፋይዳው ላይ የሚጻፈው አንድ እንዲሆን ለመዝጋቢው ፓስፖርቱን አሳዩት፣ ኤጀንሲው ፓስፖርት ሲያወጣ ዕድሜ ጨምሮ ወይ የአያት ስም ቀይሮ ያወጣላችሁ ካላችሁ ያንን መጀመሪያ ጠበቃ ወይ የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቃችሁ ፈር አስይዙት። የውጭ ምንዛሪ አካውንትም ለዳያስፖራ የሚከፍቱ ባንኮች አሉ፣ በዶላር፣ በዩሮ፣ በፓውንድ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁንና ፓስፖርታችሁን ይጠይቃሉ፣ ወደ ብር ሳይቀየር እንዲቀመጥ የምትፈልጉ እሱን ጠይቁ። እና ያ የአገር ቤት ሲም ቦርሳ ውስጥ ተረስቶ እንዳይቀር፣ ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ ያኔ የባንካችሁ ኮድ የሚሄደው ለማታውቁት ሰው ነው። ሮሚንግ፣ ማለትም ሲሙ ውጭ አገር ሆኖ የሚሠራበት አገልግሎት፣ መሥራቱን ከመሄዳችሁ በፊት አስጠይቁ፣ ሲሙን ሁለት ሲም በሚይዘው ስልካችሁ ላይ ክተቱት፣ በየጊዜው ካርድ ይሞላበት፣ አልፎ አልፎም ደውሉበት ወይ መልእክት ላኩበት።